ለወጣት ልጅ የትኛው የንግግር ሕክምና? ለወላጆችና ለወጣቶች የንጽጽር መመሪያ

ልጁ ክፍሉን ዘግቶ መዋል ከጀመረ ሰነባብቷል። ምግብ ሲቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል፣ የትምህርት ውጤቱ ወርዷል፣ ምን ሆነሃል ሲባል «ምንም» ከማለት አያልፍም። ወይም ልጅቷ በትንሽ በትልቁ ትገነፍላለች፣ ሌሊቱን እያለቀሰች ታነጋለች። አክስት ጸበል ትላለች፣ መምህር አማካሪ ይላል፣ ጎረቤት «የዕድሜ ነገር ነው፣ ያልፋል» ይላል። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ወይም የሚያውቅ ሰው «ቴራፒ ያስፈልጋል» ሲል ቤተሰቡ ትንሽ እፎይ ይልና ወዲያው ሌላ ጭንቅ ይመጣል፤ የትኛው ቴራፒ? ማን ጋ? ለስንት ጊዜ? በምን ገንዘብ?

ነገሩ የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። የንግግር ሕክምና ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ሰው «ምርጡ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ጥያቄውን ለሦስት ክፈሉት እላለሁ፤ የልጄ ችግር በትክክል ምንድን ነው? ለዚያ ችግር ተፈትኖ የሠራው ዘዴ የትኛው ነው? ልጄ አምኖት ተመልሶ የሚሄድበት ባለሙያስ ማን ነው? ሦስተኛውን ብዙ ቤተሰብ ይዘለዋል፤ በእኔ እይታ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።

መጀመሪያ፦ ጊዜ የማይሰጥ ነገር አለ?

ከማማረጥ በፊት ይህ ይጣራ። ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ወይም ከጻፈ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ «ሊገድሉኝ ነው» እያለ ከተደበቀ፣ ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱ ከልክ ካለፈ፣ ወይም ምግብ ትቶ ሰውነቱ ካለቀ፣ ቴራፒስት እየተመረጠ የሚቆይበት ጊዜ አይደለም። በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱን በመሳሰሉ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በክልል ከተሞች መጀመሪያ የምታገኙት የሳይካትሪ ነርስ ሊሆን ይችላል፤ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ ነውና አትናቁት።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ጥያቄ አለ፤ «ራሱን ስለማጥፋት ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበት ይሆን?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ይህ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ሰው በሌለበት፣ ረጋ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ልጄ፣ መኖር ያስጠላህ ጊዜ አለ? ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» አዎ ካለ አትጩኹበት፣ አትገሥጹት። ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒትና የተባይ መርዝ ቆልፉ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ጭንቀትና ፍርሃት ከሆነ

እዚህ ላይ ምርጫው ቀላል ነው። ለጭንቀት፣ ለድንገተኛ ድንጋጤ፣ ሰው ፊት መቅረብን ለመፍራት፣ ከሁሉ በላይ ማስረጃ ያለው ሲቢቲ የሚባለው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው። መሠረቱን የጣሉት አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ናቸው፤ ፊላዴልፊያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ሆኖ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል፣ የቤት ሥራም አለው።

ምን እንደሚሠራ በቅርብ እንየው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንበል። መምህሩ ስሟን ሲጠራ ልቧ ይደልቃል፣ መዳፏ ያልበዋል። «ከተሳሳትኩ ይስቁብኛል» ብላ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ቀጥሎ የቡድን ሥራ ማቅረቢያ ቀን «ራሴን አመመኝ» ብላ ትቀራለች፣ ቀጥሎ ከትምህርት ቤት መቅረት ይበዛል። ቴራፒስቷ ደብተር ታስወጣትና ገጹን ለአራት ታስከፍላታለች፤ ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምን አደረግሁ። «ሁሉም ሳቁብኝ» የሚለው ሲመረመር የሳቁት ሁለት ልጆች ሆነው ይገኛሉ፤ አንዱ ደግሞ ስልኩን አይቶ ነበር የሳቀው። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። ከቀላል ወደ ከባድ ዝርዝር ይሠራሉ፦ የማታውቀውን ሰው ሰዓት መጠየቅ፣ ከሱቅ የገዛችውን መልሳ መቀየር፣ ከክፍል በኋላ መምህሩን ጥያቄ መጠየቅ፣ እጅ አውጥቶ መመለስ፣ በመጨረሻ ፊት ወጥቶ ማቅረብ። እያንዳንዱን ፍርሃቷ እስኪበርድ ትደጋግመዋለች።

ይህ መጋፈጥ የሌለበት ሲቢቲ ለጭንቀት ግማሽ ሥራ ነው። ስለዚህ ባለሙያውን በስልክ ስታነጋግሩ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «የምትፈራውን ነገር በተግባር እንድትጋፈጥ የሚደረገው መቼና እንዴት ነው?» መልሱ «እናወራለን፣ እናረጋጋታለን» ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 488 ልጆችን ለአራት ከፍሎ ነበር። ሲቢቲና ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት አንድ ላይ ካገኙት 81 በመቶ፣ ሲቢቲ ብቻ ካገኙት 60 በመቶ፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት 55 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት 24 በመቶ በጉልህ ተሻላቸው። እንግዲህ ጭንቀቱ መካከለኛ ከሆነ በንግግር ሕክምና መጀመር ተገቢ ነው፤ ከበረታ ሁለቱንም አንድ ላይ ለመውሰድ ማመንታት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ ቤት በቀላሉ የሚሰወር ነውና። እጁን ደጋግሞ የሚታጠብ፣ በር ዘግቶ አሥር ጊዜ የሚፈትሽ ልጅ ይታወቃል። ነገር ግን ንስሐ ገብቶ ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ «አንዱን ረስቻለሁ» ብሎ የሚመለስ፣ ወይም ውዱእ አድርጎ «አልተስተካከለም» እያለ ሶላቱ እስኪያልፍ የሚደጋግም ልጅ ብዙ ጊዜ «መንፈሳዊ ነው» ይባላል። ውስጡ ግን በፍርሃት የሚሰቃይ ከሆነ ይህ የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። የሚታከመውም በዚሁ በመጋፈጥ ዘዴ ሲሆን ልጁ ድግግሞሹን ቀስ በቀስ እንዲተው ይደረጋል። የንስሐ አባቱ ወይም ሼኩ ቢያውቁና «አንድ ጊዜ ይበቃል» ብለው ቢያግዙት ሕክምናው ይቀላል።

ድባቴ ከሆነ

ድባቴ ላይ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ግራ የሚያጋባውም እዚህ ነው። ወጣት ላይ ድባቴ ሁልጊዜ በሐዘን አይገለጥም። መነጫነጭ፣ እንቅልፍ መብዛት ወይም መጥፋት፣ ኳሱንም ጓደኛውንም መተው፣ «ምን ዋጋ አለው» ማለት ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ውስጥ «ወደቅሁ» ብሎ ከሰው የተደበቀ ልጅ እንዳለ ማሰብ ያማል።

ሲቢቲ እዚህም ይሠራል፣ ግን በሌላ በር ይገባል። ልጁ ደስታ እስኪመለስለት መጠበቁን ትቶ መጀመሪያ እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል። ከአልጋው የማይወርድ ልጅ የመጀመሪያ ሳምንት ዕቅዱ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነሥቶ ፊት መታጠብ፤ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ዳቦ መግዛት» ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊትና በኋላ ስሜቱን ከአሥር ነጥብ ይሰጠዋል። ከሁለት ወደ ሦስት ቢወጣ ያ ለሚቀጥለው ሳምንት መነሻ ነው። አባት ይህን ሲያይ «ዳቦ ለመግዛት ነው የምከፍለው?» ሊል ይችላል። አዎ፣ ለእሱ ነው፤ ለዚህ ልጅ የዛሬው ከባድ ሥራ እሱ ነው።

አይፒቲ የሚባለው ደግሞ ከሰዎች ጋር ባለን ግንኙነት ላይ ያተኩራል። ጀራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን ለአዋቂዎች አዘጋጁት፤ በኋላ ለወጣቶች ተስተካከለ። ከአራት ነገሮች አንዱን መርጦ ይሠራል፦ የሞተ ሰው ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ጠብ፣ የኑሮ ለውጥ፣ ብቸኝነት። አባቷ የሞተባት፣ እናቷ ዓረብ አገር የሄደችባት፣ ከገጠር መጥታ ከዘመድ ጋር የምትኖር፣ በዲቪ ሄዳ ቋንቋው ያልገባት ልጅ ድባቴዋ ከየት እንደጀመረ በግልጽ ከታወቀ ከሲቢቲ ይልቅ ይህ ሊስማማት ይችላል። በቡድንም ይሰጣል። በሰሜን ኡጋንዳ የተፈናቃዮች ካምፕ ከ14 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 314 ወጣቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል፤ በልጃገረዶቹ ላይ ድባቴውን በግልጽ ቀነሰ፣ በወንዶቹ ላይ ግን ያን ያህል አልሆነም። ወንድ ልጅ ቡድን ውስጥ ተቀምጦ «ከፋኝ» ለማለት ምን ያህል እንደሚቸገር ለምናውቅ ይህ አይገርምም። ለእሱ መጀመሪያ ብቻ ለብቻ መነጋገሩ ይሻል ይመስለኛል።

ሳይኮዳይናሚክ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የልጅነት ግንኙነትን፣ ያልተነገረ ስሜትን፣ ከቴራፒስቱ ጋር የሚፈጠረውን ነገር ሳይቀር ያያል። የቤት ሥራ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ይረዝማል። «ዝም ብሎ ማውራት ነው» እያሉ የሚያጣጥሉት አሉ፤ ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ድባቴ ባለባቸው 465 ወጣቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አጭሩን የዚህ ዘዴ ዓይነት፣ ሲቢቲንና ቀለል ያለ የሙያ ድጋፍን ሲያወዳድር የጎላ ልዩነት አላገኘም። ሦስቱም ጋ ልጆቹ ተሻላቸው። ስለዚህ ለድባቴ የዘዴውን ስም እየፈለጋችሁ ወራት አታባክኑ። አቅራቢያችሁ ያለው የሠለጠነ ሰው ከእነዚህ አንዱን የሚያውቅ ከሆነና ልጁም ከተመቸው ጀምሩ።

መድኃኒትስ? እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 439 ወጣቶችን ተከታትሏል። በ12 ሳምንት ውስጥ ፍሉዎክሰቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒትና ሲቢቲ አንድ ላይ ያገኙት 71 በመቶ፣ መድኃኒቱን ብቻ የወሰዱት 61፣ ሲቢቲ ብቻ ያገኙት 43፣ ባዶ ክኒን የወሰዱት 35 በመቶ ተሻሻሉ። በ36ኛው ሳምንት ግን ሲቢቲ ብቻ ያገኙት 81 በመቶ ደርሰው መድኃኒት ብቻ ከሚወስዱት እኩል ሆኑ። ድባቴው ከባድ ከሆነ መድኃኒት ቶሎ ያነሣል፤ የንግግር ሕክምና ይዘገያል ግን ይደርሳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ማስጠንቀቂያ አለው፤ ድባቴን የሚያክሙ መድኃኒቶች በተጀመሩ ሰሞን በጥቂቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ይችላል ይላል። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚያዝ ሐኪም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቅርብ ይከታተል። «ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ» ካላችሁ ቶሎ የሚያይበት ቀጠሮ ጠይቁ።

ስሜቱ የሚገነፍል፣ ራሱን የሚጎዳ ከሆነ

ከጓደኛ የመጣ አንድ መልእክት ቀኗን የሚገለብጥባት፣ ስሜቷ ሲበረታ ራሷን የምትጎዳ ልጅ ላይ ተራ ምክር አይዝም። ለዚህ የተሠራው ዲቢቲ የሚባለው፣ የበረታ ስሜትን መቋቋሚያ ክህሎት የሚያስተምር ሕክምና ነው። ያዘጋጁት ሲያትል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር ማርሻ ሊነሃን ናቸው፤ ራሳቸው በ17 ዓመታቸው የአእምሮ ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2011 በአደባባይ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት በ173 ወጣቶች ላይ ሲሞከር በስድስት ወር ውስጥ ራስን ለማጥፋት መሞከርንም ራስን መጉዳትንም ከሌላው ሕክምና ይበልጥ ቀንሷል።

ልጅቷ የምትማረው የሚጨበጥ ነገር ነው። ለምሳሌ ስሜቱ ጣሪያ ሲነካ ቀዝቃዛ ውኃ በሳህን ሞልታ ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ለ30 ሰከንድ ያህል ትነክራለች፤ የልብ ምት ይዘገያል፣ ያ ክፉ ደቂቃ ያልፋል (የልብ ሕመም ወይም የአመጋገብ ችግር ያለባት ሐኪም ሳትጠይቅ አታድርገው)። ወላጅም አብሮ ይማራል። ልጅቷ ስታለቅስ «ይሄ ደግሞ ያስለቅሳል? እኛ ስንቱን አሳለፍን» ይባል የነበረው «በጣም እንደከፋሽ አያለሁ። አጠገብሽ ልቀመጥ ወይስ ትንሽ ብቻሽን ልተውሽ?» ወደሚለው ይለወጣል። ለብዙ እናቶች ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከባድ ነው፤ ከአፍ እስኪወጣ ቤት ውስጥ መለማመድ አለበት።

ችግሩ ሙሉው ዲቢቲ ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ የግል ቀጠሮ፣ የክህሎት ቡድን፣ በመካከል የስልክ እርዳታ፣ ባለሙያዎቹ እርስ በርስ የሚመካከሩበት ስብሰባ። አንድ ክሊኒክ «ዲቢቲ እንሰጣለን» ሲል የትኞቹን እንደሚሰጥ ጠይቁ። የክህሎቱን ትምህርት ብቻ ከሰጡም ይጠቅማል፤ ብቻ ሙሉው እንዳልሆነ አውቃችሁ ግቡ።

አደጋ ያየ፣ ግፍ የደረሰበት ልጅ

ጦርነት ያለፈበት፣ በበረሃ ተሰዶ የታገተ፣ የተደፈረች፣ ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ተጎድታ የተመለሰች ወጣት፤ ቅዠቱ፣ መደንገጡ፣ ትዝታው በድንገት መምጣቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ሁለት ዘዴዎች ቀድመው ይነሣሉ። አንዱ ለአደጋ የተዘጋጀው ሲቢቲ ሲሆን ከ3 እስከ 18 ዓመት ላሉ ተብሎ ወላጅን አሳትፎ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ኢኤምዲአር ነው፤ ትዝታውን እያሰቡ ዓይንን በማንቀሳቀስ የሚሠራ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ሁለቱንም ይመክራል። ይኸው መመሪያ የማይመክረው ነገርም አለ፤ አደጋው በደረሰ ሰሞን ሰውን አስቀምጦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስዘርገፍ። «ንገሪኝ፣ ይውጣልሽ» እያሉ ማስጨነቅ በቅን ልብ ቢሆንም አይጠቅምም። ልጅቷ ምን ያህል፣ መቼ፣ ለማን እንደምትናገር የምትወስነው እሷ ናት።

ቤተሰቡ ራሱ ሲታከም

የአመጋገብ ችግር ካለ፣ በተለይ ምግብ ትታ ከምትከሳ ልጅ ጋር፣ መጀመሪያ የሚመረጠው ቤተሰብን ያማከለ ሕክምና ነው፤ ሎንዶን ሞድዝሊ ሆስፒታል የተጀመረ። ወላጆች ለጊዜው የማብላቱን ኃላፊነት ይረከባሉ። የቤተሰብ ሕክምና ሌላም ቦታ አለው። እናት ስምንት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ልጇ አያቷን «እማዬ» ብላ አድጋ ታገኛታለች። እዚያ ቤት ልጅቷን ብቻ ቴራፒ መላክ ጥፋቱን እሷ ላይ መጣል ይሆናል። ሦስቱም አንድ ክፍል ይቀመጡ።

ማን ጋ ይኬድ?

ሳይካትሪስት መድኃኒት ያዛል፣ ሕመሙንም ይለያል፤ ወረፋው ረዥም ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ተቀምጦ ለማውራት ጊዜ ላይኖረው ይችላል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የንግግር ሕክምና የሚሠራ ነው። የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ አማካሪ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ የሚገኝ ስለሆነ ለቀላል ችግር ጥሩ መነሻ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይልካል። ማንንም ቢሆን የሙያ ፈቃዱን፣ በምን ዘዴ እንደሠለጠነና ከወጣቶች ጋር ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም።

የአነቃቂ ንግግር መድረክ ግን ሕክምና አይደለም። «አስተሳሰብህን ቀይር፣ ሕይወትህ ይቀየራል» የሚለው ጩኸት ድባቴ ላይ ላለ ልጅ ጥፋተኝነትን ሲጨምርበት አይቻለሁ፤ መነሣት ያቃተው ሰንፎ መስሎት ይመለሳል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «በሦስት ቀን እፈውሳለሁ» የሚል ሰው ገንዘብ ከጠየቃችሁ ራቁ።

ጸበልን በተመለከተ፤ ቤተሰብን ከእምነቱ ጋር የሚያጣላ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ልጁንም ያጣል። ጸበል መጠመቅ፣ ሩቅያ ማስቀራት ከንግግር ሕክምና ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። የማልስማማበት ሦስት ነገር ነው፤ መድኃኒት አቋርጡ ከተባለ፣ ልጁ ያለ ፈቃዱ ከታሰረ ወይም ከተመታ፣ ጾሙ የታመመ ሰውነትን የሚጎዳ ከሆነ። መድኃኒቱ የሚዋጥበትን ሰዓት ከጸበሉ ሰዓት ጋር ማስማማት ይቻላል፤ ሐኪሙን ጠይቁት።

በአካል፣ በስልክ፣ በቡድን

በቪዲዮ የሚሰጥ ሕክምና ለጭንቀትና ለድባቴ ይሠራል። የእኛ አገር ጥያቄ ከኔትወርክ ይልቅ የቦታ ነው፤ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ታናሽ ወንድም እየሰማ ስለ አባት ማውራት አይቻልም። ቆሞ ያለ መኪና ውስጥ፣ የአክስት ቤት፣ ወይም ባለሙያው ከተስማማ በእግር እየሄዱ በጆሮ ማዳመጫ መነጋገር ይቻላል። ራሱን የሚጎዳ ልጅ ግን በአካል ቢታይ ይሻላል።

ገንዘቡ ለአራት ቀጠሮ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። አታፍሩ። በአራት ቀጠሮ የሚሠራ ሥራ አለ። ኬንያ ውስጥ ሻሚሪ የተባለው ፕሮግራም ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ ወጣቶችን አሠልጥኖ ለተማሪዎች በአራት ሳምንት በቡድን ይሰጣል፤ በ413 ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ድባቴና ጭንቀት እንደቀነሰ አሳይቷል። የገንዘቡ ነገር ያልተነገረው ባለሙያ ግን ለአሥራ ስድስት ቀጠሮ አቅዶ ይጀምርና ልጁ መሐል ላይ ተቆርጦ ይቀራል።

ምስጢርና የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ቴራፒስት ወላጅና ልጅን አንድ ላይ አስቀምጦ እንዲህ የመሰለ ነገር ይናገራል፦ «እዚህ የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል። ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ከሆነ፣ ወይም ሰው እየጎዳህ ከሆነ ግን ለወላጆችህ እናገራለሁ፤ ከመናገሬ በፊትም ለአንተ አሳውቅሃለሁ።» ይህ ካልተባለ ራሳችሁ ጠይቁ። ወላጆች፣ ከቀጠሮ ሲወጣ «ምን አልካት? ስለ እኔ ምን አወራህ?» አትበሉት። «ደከመህ? ሻይ እንጠጣ?» ይበቃል።

ከሦስት ወይም አራት ቀጠሮ በኋላ ልጁን ይህን ጠይቁት፦ ይሰማሃል? ይፈርድብሃል? የምትሠሩት ነገር ለምን እንደሆነ ይገባሃል? መሻሻል በዚህ ጊዜ ባይታይም መተማመኑ መጀመሩ መታየት አለበት። ስድስት፣ ስምንት ቀጠሮ አልፎ ምንም ካልተለወጠ ባለሙያውን በግልጽ «ምን እንቀይር?» በሉት። የሚቆጣ ከሆነ ቀይሩት።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ ላይ ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጅ ኢንሹራንስ ውስጥ መቆየት ይችላል። በጭንቅ ጊዜ 988 ይደወላል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ ስለዚህ ልጁ የራሱን ሕመም ለእናቱ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። በቪዲዮ አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት ስትፈልጉ ፈቃዱ እናንተ ባላችሁበት ስቴት የሚሠራ መሆኑን አጣሩ። እንግሊዝ ላይ 18 ዓመት የሞላው በሐኪም ሳይላክ ራሱ ለኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) የንግግር ሕክምና ማመልከት ይችላል። ጀርመን ላይ 116117 ደውሎ የመጀመሪያ የሥነ ልቦና ቀጠሮ ይያዛል፤ የወጣቶች ቴራፒስት እስከ 21 ዓመት ያያል። እስራኤል ላይ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና በኩፓት ሆሊም (በጤና መድን ድርጅቱ) በኩል ነው።

ቋንቋን በተመለከተ ምርጫውን ለልጁ ተዉለት። እዚያ ያደገ ልጅ ስሜቱን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ይናገር ይሆናል፤ «ሐበሻ ይሁንልህ» ብላችሁ የምታስገድዱት ሰው ነገ በሠርግ ላይ የሚያገኘው ሰው ነውና ሊፈራው ይችላል።

አልሄድም ካለስ?

ብዙ ቤት ነገሩ እዚህ ይቆማል። ጎትቶ መውሰድ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም። ነገር ግን ወላጅ ብቻውን መጀመር ይችላል። ዬል ዩኒቨርሲቲ ላይ ኤሊ ለቦዊትዝ ያዘጋጁት ስፔስ የተባለ ዘዴ ልጁን ሳይጨምር ወላጆችን ብቻ ያሠለጥናል፤ ከ7 እስከ 14 ዓመት በሆኑ ጭንቀት ያለባቸው 124 ልጆች ላይ ሲፈተን ልጆቹ ራሳቸው ሲቢቲ ከወሰዱበት ያላነሰ ውጤት ሰጥቷል። ሥራው ለፍርሃቱ መገዛትን ቀስ በቀስ መተው ነው፤ መገዛት የሚባለው በልጁ ፈንታ ለሰው መመለስ፣ የመቅረቱን ደብዳቤ መጻፍ፣ የ13 ዓመት ልጅ አጠገብ ሌሊቱን መተኛት የመሳሰለው ነው። እናት «ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንደምትችለውም አምናለሁ» ትላለች፣ ከዚያም በተስማሙበት ቀን አንዱን ትተዋለች። አባትና እናት አንድ ቃል ካልሆኑ ግን አይሠራም፤ መጀመሪያ እነሱ ይነጋገሩ።

ዕድሜው ከፍ ላለው፣ 18ን ላለፈ ልጅ የሚሻለው ድርድር ነው። «ሦስት ጊዜ ብቻ ሂድ። ካልተመቸህ ሌላ ሰው እንፈልጋለን፤ ወንድ ወይም ሴት፣ ወጣት ወይም ትልቅ ሰው፣ አንተ ምረጥ» በሉት። ሦስተኛው ላይ አልተመቸኝም ካለ አትከራከሩት፤ በዚያው ሳምንት ሁለተኛውን ባለሙያ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙለት።